ምዕራፍ አምስት፦ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሚኒያፖሊስም ሆነ ሴንት ፖል ይህ የአገር ቤት ደንብ አልተለወጠም። ሰው የወላጁን ሞት ሌሊት ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሥራ ቦታ ቆሞ እንዳይሰማ፣ መኪና እየነዳ በስልክ እንዳይሰማ ወዳጅ ዘመድ ይመካከርለታል። መንዝ ውስጥ አንድ አባት ጎህ ሲቀድ ቢያርፉ እዚህ ገና የዋዜማው ምሽት ሦስት ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት ሁለቱ አገሮች በ9 ሰዓት ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ስልክ ለልጅየው አይደወልም። ለአገሩ ልጅ፣ ለሚዜው፣ ለክርስትና አባቱ ይደወላል። እነሱም ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ አደራ ይባባላሉ፣ የንስሐ አባቱን ይጠራሉ፣ ለአሠሪው ማን እንደሚነግርለት ይስማማሉ። ሊነጋጋ ሲል ብሩክሊን ፓርክ ካለ አንድ የአፓርታማ ግቢ አምስት ስድስት መኪና ተከታትሎ ይገባል። በሩ ሲንኳኳ ልጁ ይከፍትና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ያያል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገብቶታል።

ማታውን ቤቱ ይሞላል። ጫማ በሩ ሥር ይከመራል፤ ሴቶቹ ማድ ቤቱን ይረከባሉ፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል፣ ውኃ በካርቶን ይገባል። ተኳርፈው ለዓመታት ሰላም ያልተባባሉ ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በፋብሪካ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የአሥር ሰዓት ፈረቃ ሠርቶ፣ በበረዶ ነድቶ፣ በአካል አይቷቸው ለማያውቅ ሰው የሚያለቅስ ሰው እዚህ ከተማ ሞልቷል። ለዚህ ሕዝብ ያለኝን አክብሮት በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም።

ሆኖም በደረስኩባቸው ለቅሶዎች ሁሉ ስለ ሟቹ የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» እና «ታመው ነበር ወይ?» ሰማንያ ካለፉ «የሚገባ ነው» ይባላል፤ ታመው ከሆነ «አረፉ» ይባላል፤ ከዚያ ወሬው ወደ በረዶው፣ ወደ ሥራው፣ ወደ አገር ጉዳይ ይዞራል። ሰውየው ማን እንደነበሩ ሳይነገር ሦስት ቀን ያልፋል። ይህ የቸልተኝነት ውጤት አይደለም። የመጣው ሰው የመጣው ለልጁ ብሎ ነው፣ ሟቹን አያውቃቸውም። ለገጠር ሰው የሚሰጠው ክብር ግን፣ ጥንትም ዛሬም፣ የሚቆመው በማወቅ ላይ ነው። ይህ ምዕራፍ የማወቁን ነገር ይዞ ይሄዳል።

ገጠር ውስጥ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ነፊው ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ የሟቹን ስም፣ የሚቀበሩበትን ደብርና ሰዓቱን ይጠራል። የሕይወት ታሪክ አይነበብም፤ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይዞ ይመጣል። ጡሩምባውን የሰማ ሁሉ ከሟቹ ጋር ወይ በደቦ አጭዷል፣ ወይ በድንበር ተካሷል፣ ወይ በማኅበር ጠጥቷል፣ ወይ በእሳቸው ሽምግልና ከሚስቱ ታርቋል። በወሎና በሰሜን ሸዋ ቅሬ የሚባለው ማኅበር አባላቱን አሰማርቶ መቃብር ያስቆፍራል፣ ቃሬዛ ያሸክማል፣ እንጨትና ውኃ ያስመጣል፤ የቀረውን ይቀጣል። በወሎ ብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ከተማ ሲመጣ ይህ ማወቅ ተበጠሰ። አዲስ አበባ ውስጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከየገጠሩ የገቡ ሰዎች ጎረቤታቸው ዘመዳቸው አልሆን ሲላቸው እድርን አቆሙ፤ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ደግሞ እድር በየሰፈሩ ተስፋፋ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ገንዘብ ያዥና የስም መዝገብ ያለው ማኅበር የተፈለገው ሰው የማያውቀውን ጎረቤቱን መቅበር ስለነበረበት ነው። ኢትዮጵያውያን በሰፈሩባቸው የሰሜን አሜሪካ ከተሞች እድር ሲቋቋምም ያንኑ ችግር በሌላ አህጉር እየፈቱ ነው። እድር ግን መቅበሩን፣ ማብላቱን፣ ማስተዛዘኑን ያሟላል እንጂ ሟቹን ማሳወቅ ሥራው ሆኖ አያውቅም። የማሳወቁ ሥራ የአልቃሿ ነበር።

አልቃሽ የሚለው ቃል ዛሬ እንባ የምትሸጥ ሴት አስመስሎ ይነገራል፤ ይህ ለሙያው በደል ነው። ጎበዝ ሙሾ አውራጅ ለቅሶው ቤት ቀድማ ትመጣና ትጠይቃለች። ሟቹ የማን ልጅ ናቸው? እናታቸው ከየት አገር ናት? ስንት ጥማድ ያርሱ ነበር? በሬዎቻቸውን ምን እያሉ ይጠሩ ነበር? ማንን አሳድገዋል፣ ማንን አስታርቀዋል፣ ከማን ጋር ሳይታረቁ ሞቱ? የሰማችውን ሁሉ በሁለት በሁለት ስንኝ ቤት እያስመታች ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል፣ ደረት ይመታል፣ ረገዳ ይረገዳል። ሙሾ ምስጋና ብቻም አልነበረም። ውርስ ላይ የተናቆረ ልጅ፣ አባቱን በሕመሙ ጊዜ ያልጠየቀ ወንድም ስሙ ሳይጠራ በሰምና ወርቅ ይነካል፣ የሚገባውም ይገባዋል። እንግዲህ አልቃሿ አንዲት ጋዜጠኛ፣ የታሪክ ጸሐፊና ባለቅኔ የሚሠሩትን በአንድ ጧት ትሠራ ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨቱንና ከልክ ያለፈ ሐዘንን ስታወግዝ ኖራለች፤ ምክንያቷም ትንሣኤን የሚያምን ሰው ተስፋ እንደሌለው ሰው አያልቅስ ነው። ምክንያቱን እቀበላለሁ። ፊት መንጨቱ ሲቀር አብሮ የቀረው ግን ያ መጠየቅ ነው፤ እሱ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጠመንጃው ተይዞ በለቅሶው ሜዳ ይዞር ነበር። ይህ ልማድ ሬሳው በሌለበትም ይሠራ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከወደቁት የብዙዎቹ አስከሬን ወደ ቀያቸው አልተመለሰም፤ ቤተሰብ ያለቀሰው በቀረው ዕቃና በቀረው ስም ነው። ስለዚህ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ስደት የፈጠረው አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ሰው በሩቅ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ያውቁ ነበር፤ የሟቹን ዕቃ ያወጣሉ፣ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ይናገራል።

ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ኮንሶ ሄዶ ማየት ይቻላል። ኮንሶዎች ለጀግናና ለተከበረ ሰው ከእንጨት የተጠረበ ዋጋ የተባለ ሐውልት ያቆማሉ። ሟቹ መካከል ይቆማል፣ ሚስቶቹ በጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎችም ከነሱ ጋር ይቀረጻሉ። ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ያህል የዘለቀው የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ዋጋ ከመቃብር ተሰርቆ ለሰብሳቢዎች ተሽጧል። የተሸጠው ዋጋ የማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ሲቆም ደስ የሚል ቅርጽ ነው፤ አባ እገሌ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የሚነግርለት መንደር አብሮት አልተጓዘም። እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ባለው ገደል አናት፣ የጥንት ነዋሪዎች ከሺህ ዓመት በፊት የቆለሏቸው የመቃብር ጉብታዎች አሉ። ስድስቱ ብቻ ተርፈዋል። የዳኮታ ሕዝብ ዛሬም እንደ መካነ መቃብር ያከብራቸዋል። አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ እቆማለሁ። ያን ሁሉ አፈር በቅርጫት ተሸክሞ የቆለለ ሕዝብ ሟቹን ምን ያህል ይወደው እንደነበር ይታየኛል፤ ስሙ ግን የለም።

እስካሁን የተናገርኩት አገር ቤት ስለሚያርፉት ነው። ከዚያ የሚከብደው እዚህ የሚያርፉት ሽማግሌዎች ነገር ነው።

ልጅ ዜግነት ሲያገኝ ወላጆቹን ያስመጣል። እንበልና አንድ አባት ከመርሐ ቤቴ ወይም ከሜጫ ተነስተው በ68 ዓመታቸው ሴንት ፖል ይገባሉ። አገራቸው ላይ የቀበሌው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለት ሰው ደም ሲቃባ ፈረስ ተልኮላቸው ይመጣሉ፤ ቃላቸው ዋስ ነው። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣሉ። የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ፣ አውቶቡሱ ሲመጣ በመስኮት ያያሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ይመልሷቸዋል። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ «የእገሌ አባት» ይባላሉ። አገራቸው ላይ ልጃቸው «የእሳቸው ልጅ» ነበር፤ እዚህ አባትየው በልጁ ስም የሚጠሩ ሰው ሆኑ። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረው ሲያርፉ፣ አገሩ ሁሉ ያውቃቸው የነበሩ ሰው ከመላው ከተማ ይልቅ የማይታወቁ ሆነው ይሞታሉ። እናቶቹም እንዲሁ ናቸው። ስንት ሕፃን በእጃቸው የተቀበሉ አዋላጅ፣ ስንት ዓመት የጽዋ ማኅበር ሙሴ ሆነው የኖሩ እናት እዚህ ድርቆሽ የሚልኩልን «እማማ» ብቻ ናቸው።

ጥር ላይ ከሆነ ምድሩም አይቀበልም። የሚኒሶታ የሕንፃ ደንብ በሚኒያፖሊስ አካባቢ የቤት መሠረት ቢያንስ 107 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ የሚያዘው ብርዱ አፈሩን በጥልቀት አቀዝቅዞ ስለሚያደርቀው ነው። በጥንቱ ጊዜ በክረምት የሞተ ሰው በረዶው እስኪቀልጥ በድንጋይ ክፍል ተቀምጦ ይቆይ ነበር። ዛሬ የመቃብሩ ሠራተኞች ቦታው ላይ ትልቅ የብረት ክዳን ደፍተው በጋዝ እሳት አፈሩን ያሟሙና በማሽን ይቆፍራሉ። የሙስሊም ቤተሰብ ሟቹን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ መቅበር ስላለበት ለእሱ ይህ ጭንቀት ይብሳል። በአገር ቤት ግን ከሟች ጋር ተጣልቶ የነበረ ሰው እንኳ ዶማውን ይዞ መጥቶ ይቆፍራል፤ በዚያ ቁፋሮ ነበር ይቅርታ የሚጠየቀው። በማሽን የተቆፈረ መቃብር ይህን ዕድል አይሰጥም። አንዳንድ ቀባሪ ሠራተኞቹን አስፈቅዶ የመጨረሻውን አፈር በአካፋ የሚመልሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ብዙ ቤተሰብ አስከሬኑን ወደ አገር መላክ ይመርጣል። የሞት ማስረጃ ይወጣል፣ አስከሬኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት ይደረግለታል፣ ሳጥኑ ይታሸጋል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ካለው ኤምባሲ ወረቀት ይመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚኒያፖሊስ ስለማያርፍ ሳጥኑ ቺካጎን ወይም ዋሽንግተንን ይሻገራል። ወጪው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ያለው የሌለውም አዋጥቶ ይከፍላል። ለምን እንዲህ ይደክማሉ የሚል አለ። አማርኛ መልሱን በአንድ ቃል ይዞታል፤ እትብት። ሰው የሚቀበረው እትብቱ ከተቀበረበት ነው።

ይህን ነገር ለሌላ ሕዝብ ማስረዳት ከባድ ይመስለኝ ነበር፤ ሴንት ፖል ውስጥ ግን ከኛ በላይ የሚያውቁት ጎረቤቶች አሉን። ሞንጎች ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው ከ1975 እ.ኤ.አ. በኋላ መምጣት ጀመሩ፤ ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች መካከል ሞንግ በብዛት የሚኖርባት ሴንት ፖል ናት። እነሱም የገጠር ሰዎች ነበሩ፣ አራሾች። በባህላዊው እምነታቸው ቀብራቸው ሦስት አራት ቀን ሌት ተቀን ይቆያል። ከሸምበቆ ቱቦዎች የተሠራ መሣሪያ ይነፋል፣ አዋቂው ቆሞ ለሟቹ ነፍስ መንገድ ያሳያል። የመንገዱ ነገር ነው የሚያስደንቀው። ነፍስየው ከሞተችበት ቤት ተነስታ የኖረችባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ከሴንት ፖል፣ ወደ ስደተኛ ጣቢያው፣ ወደ ላኦስ መንደሮች፣ በመጨረሻ የእንግዴ ልጇ ወደተቀበረበት ቤት። እንግዴ ልጁን እንደ ልብስ ለብሳ ነው ወደ አባቶቿ የምትሻገረው። አዋቂው ይህን ለማድረግ ሟቹ የት የት እንደኖሩ ማወቅ አለበት። ካላወቀ ነፍስየው መንገድ ላይ ትቀራለች። የሴንት ፖሏ ጸሐፊ ካኦ ካሊያ ያንግ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ የአያቷ ቀብር ትልቅ ቦታ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ አያቷን ለመቅበር የአያቷን መንገድ በሙሉ መናገር ነበረባት። ይህን ሳነብ የኛ አልቃሽ ጥያቄዎች ትዝ አሉኝ። የማን ልጅ ናቸው? እናታቸው ከየት አገር ናት?

ከከተማው ወጥቶ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት የነዳ ሰው ደግሞ በቆሎና አኩሪ አተር እስከ አድማስ ያያል። የዚያ አገር ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ የጀርመንና የስካንዲኔቪያ ስደተኞች ልጆች፣ በንግግር ቁጥቦች ናቸው። ጎረቤታቸው በመከር ሰሞን ሲሞት ወይም በጠና ሲታመም ግን ማጨጃቸውን እያሰለፉ ይመጡና የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርሱለታል። ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሳንድዊችና በምድጃ የተጋገረ ምግብ ደርድረው ቀብረው የሚመለሱትን ይቀበላሉ። ደቦ በሉት፣ እዝን በሉት፣ ነገሩ ያው ነው። ከጎጃም የመጣ ሰው ያንን ቢያይ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል፤ እነሱም የኛን ለቅሶ ቢያዩ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሟቹ ማሳ ላይ ሲሠራ ሟቹን አመሰገነ ማለት ነው።

ከተማ ውስጥ እኛ ሥራውን በወረቀት ተክተነዋል። ዛሬ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በሚኒያፖሊስ ደብረ ሰላም መድኃኔዓለምም ሆነ በሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ፍትሐቱ አልቆ አንድ የቤተሰብ አባል ወረቀቱን ይዞ ሲቆም ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በዚህ ዓመት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ። በዚህ መሥሪያ ቤት በዚህ የሥራ ድርሻ። የዚህን ያህል ልጆች አባትና የዚህን ያህል የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ይህ አቀራረብ የመሥሪያ ቤት ማኅደር ልጅ ነው። ዲፕሎማና ሹመት ላለው ሰው ይመቻል። ገበሬው ላይ ሲደርስ መሐሉ ባዶ ይሆንና «በግብርና ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ምድር አርሰው፣ ዝናብ አንብበው፣ ዘር መርጠው፣ በድርቅ ዓመት ለሰው አበድረው የኖሩ ሰው በአራት ቃል ተጠቃለሉ። አንባቢው ልጅ ወረቀቱን ሲያጥፍ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እንዳልተናገረው ያውቃል፣ እንዴት እንደሚናገረው ግን አያውቅም።

የዚህ የወረቀቱ ነገር መሠረት የጣሉት ሰው በራሳቸው ሕይወት ብዙ ያስተምሩናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. መርሐ ቤቴ ውስጥ፣ ገጠር ተወለዱ። በትምህርታቸው ብቻ ወጥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። በ1910 ዓ.ም. «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱ አክሎ እንደሚናገረው ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ ነው። ለቅሶው እንዲቀር አልፈለጉም፤ ሙሾ የለመደው ሕዝብ ከእምነቱ የማይጣላ ቃል እንዲያገኝ ፈለጉ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የታወቁ ሰዎችን አንድ በአንድ እየጠሩ «የሕይወት ታሪክ» አወጡ፤ በኋላ ዘመን ለሚነሱ ልጆች ማስታወቂያ ነው ይላል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ የስደተኛው ቤተ መንግሥት በሆነው በፌርፊልድ ቤት አረፉ። ለሰው ሁሉ የለቅሶ ግጥም የሰበሰቡት ሰው አልቃሽ በሌለበት አገር ተቀበሩ። በመቃብራቸው ላይ የተናገሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ንጉሥ ስለነበሩ ሳይሆን በዚያ ከተማ ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ የሚያውቋቸው እሳቸው ስለነበሩ ነው ንግግሩ ለኅሩይ የተገባው። ከነፃነት በኋላ አጽማቸው ወደ አገራቸው ተመልሷል።

ሌላው አብነት የበለጠ ቅርብ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በድምፅ መቅጃ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። አለቃ ለማ በየገዳሙና በየአድባራቱ የዞሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የሚሰማው አነጋገራቸውን ነው፤ ወሬ አወራራቸውን፣ ሰው መግለጫቸውን፣ ድንገት ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው መዝለላቸውን። ልጁ አባቱን በጽሑፍ አማርኛ አላስተካከሉም። ያ ዘመን የመቅጃ መሣሪያ ውድ የነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡት አባት ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ ሦስት መቅጃ ተቀምጧል፤ የልጃቸው ስልክ፣ የምራታቸው ስልክ፣ የልጅ ልጃቸው ታብሌት። የጎደለው ጠያቂ ነው። ስለዚህ ልጆች ሲያማክሩኝ ከአልቃሿ ጥያቄዎች ጀምሩ እላለሁ። መቼ ተወለዱ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀኑን ብዙዎቹ አያውቁትም፣ ያፍራሉ፣ ዝም ይላሉ። በሬዎቻችሁ ማን ማን ይባሉ ነበር በሏቸው። የመጀመሪያውን እርቅ ማንን አስታረቁ? በክፉው ዘመን ማን አበላችሁ፣ እናንተስ ማንን አበላችሁ? ማሳው ላይ የነበረው ዛፍ ምን ዛፍ ነበር? እናቶችን ደግሞ ጤፉን ከየት ወንዝ ውኃ እያመጡ እንዳቦኩት ጠይቋቸው። መልሱ ሲጀምር አያቆምም።

ባለፈው ክረምት፣ የክርስቲያኖች ለቅሶ ቀኖቹን ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ እያለ ሲወርድ፣ በሴንት ፖል አንድ የአርባ ጸሎት ላይ ነበርኩ። ሟቹ አገር ቤት ነበር ያረፉት፤ በተዝካራቸው ቀን መንደራቸው በልቶ ጠጥቶ ተበትኗል፣ የኛው ገና መጀመሩ ነው። ከጸሎቱ በኋላ እዚህ የተወለደች የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ተነሳች። ወረቀቷን በላቲን ፊደል ነበር የጻፈችው፣ አማርኛዋ ይሰበራል። አያቴን በስልክ ጠየቅኋቸው፣ አለች፣ ከመሞታቸው በፊት። አያቴ ሁለት በሬ ነበራቸው። ቡሬ በቀኝ ይጠመዳል፣ ቦቃ በግራ ይጠመዳል። ቦቃ ሰነፍ ነበር፣ አያቴ ግን አይመቱትም፤ ቡሬ ይጎትተዋል ይሉ ነበር። ጅረቱ ሲሞላ አያቴ የሰው ልጆች ተሸክመው ያሻግራሉ። ሃያ ሰባት ሰው አስታርቀዋል፣ አንዱ ግን እምቢ ብሏል፤ ስሙን አልነገሩኝም።

አዳራሹ ፀጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ ሟቹን አይተዋቸው የማያውቁ፣ አገራቸውም ሌላ የሆነ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጠሯት።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ» አሏት፤ «ቡሬ በየት በኩል ነው ያልሽኝ የሚጠመደው?»